የማር ንብ፣ ጣዝማ ወይስ ብቸኛ ንብ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ግቢ ላላቸው የቀረበ ንጽጽር

ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ ትንሽ መሬት ያለው ሰው አንድ ቀን ስለ ንብ ማሰቡ አይቀርም። አንዱ ማር አምሮት ነው። ሌላው ደግሞ ዱባው አብቦ አብቦ ፍሬ ሳይዝ ሲረግፍበት ነው። ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። «ዘመናዊ ቀፎ ግዛ» ይላል አንዱ። «ጣዝማ ይሻልሃል፣ አይናደፍም» ይላል ሌላው። «የፈረንጅ ንብ ቢመጣ ኖሮ» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ስለ ቀፎና ስለ ማር ያወራል። ንቧ ራሷ እንዴት እንደምትኖር የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ምርጫው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

የትኛዋም ንብ ከአበባ የምታገኘው ወለላና የአበባ ዱቄት ልክ አለው። ያንን ወይ ልጅ ታሳድግበታለች፣ ወይ ለክፉ ቀን ታስቀምጠዋለች፣ ወይ ቤቷን ለሚጠብቅ ኃይል ታውለዋለች። ከወር ደመወዝ ላይ ለቤት ኪራይ የወጣው ለዕቁብ እንደማይተርፍ ሁሉ፣ እሷም አንዱን ስታበዛ ሌላውን ትቀንሳለች። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ ማር አያከማቹም፣ በመንጋም አይኖሩም። ለእኛ ግቢ የሚሆኑትን በሦስት ከፍለን እንይ፤ የማር ንብ፣ መሬት ውስጥ የምትኖረው ጣዝማ፣ እና ያለ ቀፎ ለየብቻቸው የሚኖሩት ብቸኛ ንቦች።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ዋናው መመዘኛ ክፉውን ወቅት የምታልፍበት መንገድ ነው። በእኛ ደጋ ክፉ ወቅት ሁለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ንቧን ቤት ያስቀምጣታል፤ አበባ ቢኖርም ወጥታ አትቀስምም። ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ መሬቱ ይደርቅና አበባው ራሱ ይሳሳል። በመሃል መስከረምና ጥቅምት አለ፤ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን የሚያለብሱበት ጊዜ። በልግ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ባህር ዛፉና ሌላው አበባ ትንሽ ይደግፋል። ንብ ሁሉ ኑሮዋን የምታቅደው በዚህ አቆጣጠር ነው።

ሌላው ልጅ የምታሳድግበት መንገድ ነው። ብዙ ትወልዳለች ወይስ ለጥቂቶች ብዙ ስንቅ ትቋጥራለች? ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቤቷ ቢከፋባት ጥላ ትሄዳለች ወይስ ትጸናለች? ገንዘባችሁ ቀፎ ላይ ከዋለ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከዚያ ጠባይዋ ይመጣል። አጥሩ ማዶ የጎረቤት ልጆች የሚጫወቱ ከሆነ ይህኛው ከሁሉም ይቀድማል።

በመጨረሻ የምትፈልጉትን ለዩ። ማር ወይስ ፍሬ? ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ማር የሚገኘው ንቧ ስለምታከማች ነው። አበባ ለማዳቀል ግን ማከማቸት አያስፈልግም።

የማር ንብ፦ ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ስንቅ፣ ብዙ ጣጣ

እናት ንብ (አውራዋ) በደህና ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ራሷ ዓመታት ትኖራለች። ሠራተኛዋ ግን በሥራ ወቅት የምትቆየው ስድስት ሳምንት አካባቢ ነው። ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀፎ ውስጥ ትሠራለች፤ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች። ወጥታ የምትቀስመው በዕድሜዋ መጨረሻ ነው። ውጪው አደገኛ ስለሆነ ብዙ የቀረው ዕድሜ የሌላት ትላካለች። ጨካኝ ሒሳብ ነው፤ ግን ይሠራል።

የዚህ አኗኗር ጥቅሙ ፍጥነት ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ቀፎው ሕዝቡን ቶሎ ያበዛና ሜዳውን ያዳርሳል። ጉዳቱ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ መብላቱ ነው። ስለዚህ ማር የግድ ነው። እኛ የምንቆርጠው ማር የእሷ የነሐሴና የየካቲት ቀለብ ነው።

ንድፊያውም ከዚሁ ይመነጫል። የሠራተኛዋ መንደፊያ እሾህ ስላለው ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ እሷም ትሞታለች። እንደ እናቷ ስለማትወልድ በመሞቷ የሚቀር ልጅ የለም፤ የምትጠብቀው ቤት ግን ወንድም እህቶቿንና ብዙ ኪሎ ማር የያዘ ነው። የሚዘረፍ ሀብት ያለው በር ላይ ዘበኛ ያቆማል። የማር ንብ «ኃይለኛ» የምትባለው በክፋት አይደለም፤ የምትጠብቀው ነገር ስላላት ነው።

አሁን ገዢዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡት ነገር። የማር ንብ የምትዋለደው በሁለት ደረጃ ነው። አንደኛው በቀፎው ውስጥ ሠራተኛ ማብዛት ነው። ሁለተኛው ራሱ ኅብረ ንቡ መከፈሉ ነው፤ መንጋ የምንለው። መንጋ ሲወጣ አሮጊቷ እናት ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ይዛ ትሄዳለች። ቤቱንና የተረፈውን ማር ለልጇ ትተዋለች። ሂያጆቹ በሆዳቸው ማር ሞልተው ነው የሚወጡት።

የቀረው ቀፎ ምን ይሆናል? አዲሷ እናት ከወጣች በኋላ በርራ ከድንጉሎች (ከወንድ ንቦች) ጋር መገናኘት አለባት። ተመልሳ መጣል ትጀምራለች። ከዚያ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ እስክትወጣ ሦስት ሳምንት፣ ለቀሰማ እስክትደርስ ደግሞ ሌላ ሦስት ሳምንት ገደማ። ሲደመር መንጋው ከወጣበት ቀን ጀምሮ የአዲሷ እናት ልጆች አበባ ላይ እስኪደርሱ ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። አሮጊቷ የተወቻቸው እጮች እስከዚያ ቀፎውን ያቆዩታል። ግን የእኛ የአደይ አበባ ወቅትም ከዚህ አይረዝምም። መስከረም አጋማሽ ላይ መንጋ ያወጣ ቀፎ ኅዳር ላይ ብዙ ማር ባይሰጣችሁ አትገረሙ።

ስለዚህ ከማር ንብ ጋር ስትነሱ ወስኑ፤ ማር ነው ወይስ መንጋ? መንጋ ለመሸጥ ወይም ቀፎ ለማብዛት ከፈለጋችሁ ይውጣላችሁ፣ ያዙት። ማር ከፈለጋችሁ ቦታ ሳይጠብባቸው ቀድማችሁ አስፉላቸው፣ የእናት ቤቶችን (አዲስ እናት የምታድግባቸውን ክፍሎች) ተከታተሉ። ሁለቱንም ከአንድ ቀፎ በአንድ ወቅት ልትጠብቁ አትችሉም።

መኮብለል ደግሞ ሌላ ነው። ሲኮበልሉ ማንም አይቀርም፤ ቀፎው ባዶውን ያድራል። ጉንዳን ሲገባ፣ የሰም ትል ሲበዛ፣ ረሃብ ሲጸና ወይም ሰው ደጋግሞ ሲረብሻቸው ይሄዳሉ። የአፍሪካ የማር ንቦች ከአውሮፓዎቹ ይልቅ ይህን ቶሎ ያደርጋሉ። ምክንያት አላቸው። አውሮፓ ውስጥ በበረዶ ወቅት ቀፎ ለቆ መውጣት ሞት ነው፤ ያለው ምርጫ ብዙ ማር አከማችቶ መቀመጥ ነው። እዚህ ግን አንዱ ተራራ ሲደርቅ ሌላው ያብባል። ጠላቱም ብዙ ነው። ስለዚህ የእኛ ንብ ከብዙ ስንቅ ይልቅ እግሯን ታምናለች፤ ክንፏን ማለት ነው።

«የፈረንጅ ንብ እናምጣ» ለሚለው መልሱም እዚሁ ላይ ነው። ያቺ ንብ ብዙ ማር የምታከማቸው ለረጅም ብርድ ስለተሠራች ነው። የእኛን ጉንዳን፣ የእኛን ወቅት አታውቅም። በሽታ ይዛ የመምጣቷም ነገር አለ። ንብ ከአገር አገር ማዘዋወር ምን እንደሚያስከትል ብራዚል አይታዋለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ከአፍሪካ የተወሰዱ እናት ንቦች በዓመቱ አምልጠው፣ ዝርያቸው ደቡብ አሜሪካን አዳርሶ እስከ ሰሜን አሜሪካ ዘልቋል። እዚያ ያሸነፉት በማር ብዛት አልነበረም። ቶሎ ቶሎ መንጋ በማውጣትና ሲከፋ በመሄድ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ንብ አለው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሲሜንሲስ የሚል የንዑስ ዝርያ ስም ተሰጥቶታል። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከልም ቅርብ ነው። ስለ አገር ንብ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ስለ ቀፎ አጭር ነገር። ባህላዊው ርካሽ ነው፤ ግን ውስጡን ሳታፈርሱ ማየት አትችሉም። የሽግግር ቀፎ በአካባቢ እንጨት ይሠራል፣ የማር እንጀራውን አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል። ዘመናዊው ብዙ ማር ይሰጣል፤ ሰም ማተሚያ፣ ማር ማጣሪያና ሥልጠና ግን ይፈልጋል። ለጀማሪ እኔ የሽግግሩን እመርጣለሁ። ዘመናዊ ቀፎ ገዝቶ ባዶውን ቆሞ ማየት በየሰፈሩ የተለመደ ነው።

ጣዝማ፦ ጥቂት፣ ቀስታ፣ ሥር የሰደደ

ጣዝማ መሬት ውስጥ ትኖራለች። ከሆለታ ወደ ምዕራብ ባለው የምዕራብ ሸዋ ጫካና ግጦሽ መሬት ትገኛለች። ከላይ የምታዩት ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ብቻ ነው። መንደፊያዋ ከጥቅም ውጪ የሆነ ስለሆነ አትናደፍም። ስትናደድ ትነክሳለች፣ ፀጉር ውስጥ ትገባለች፣ ሙጫ ትለጥፋለች። ለጥበቃ የምታወጣው ወታደር ላይ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ነው። ጎጆዋ ጥልቅ፣ በሯ ጠባብ፣ ዙሪያው በሙጫ የታሸገ ነው።

ልጅ የምታሳድግበትም መንገድ ከማር ንብ ይለያል። የማር ንብ ሞግዚት እጯን ደጋግማ ትመግባለች። ጣዝማ ግን ለአንዱ ልጅ የሚበቃውን ምግብ በአንድ ጊዜ ትሞላለች፤ እናት እንቁላል ትጥልበታለች፤ ይታሸጋል። ከዚያ ማንም አይከፍተውም። በዚህ ነገር ከማር ንብ ይልቅ ለብቸኛዋ ንብ ትቀርባለች። አስተዳደጉም ቀርፋፋ ነው፤ መንደፊያ አልባ ንቦች በአብዛኛው ክንፍ እስኪያወጡ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅባቸዋል።

አዲስ ቤት ስትመሠርት ደግሞ ነገሩ ከማር ንብ ይገለበጣል። የጣዝማ እናት አንዴ መጣል ከጀመረች ሆዷ ስለሚያብጥ መብረር አትችልም። ስለዚህ የምትወጣው ልጅቷ ናት። እሷም ባዶ እጇን አትወጣም። ሠራተኞች ቀድመው ቦታ ይመርጣሉ፣ ከአሮጌው ቤት ሙጫና ምግብ ያመላልሳሉ፣ ሳምንታት ይወስዳል። አዲሱ ጎጆ ከወላጁ ቤት ብዙም አይርቅም።

ይህ ለገዢ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ጣዝማ አትኮበልልም። ሁለተኛ፣ ጎጆዋ ከተቆፈረና እናቲቱ ከሞተች በቀላሉ አይተካም። የማር ንብ ቀፎ ቢጠፋባችሁ መስከረም ላይ ሌላ መንጋ ልትይዙ ትችላላችሁ። የጣዝማ ጎጆ ሲጠፋ ግን ያ ሜዳ ለዓመታት ጣዝማ ላያይ ይችላል። የጣዝማ ማር ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ዋጋው ከፍ ይላል፤ መጠኑ ግን ከማር ንብ ጋር አይወዳደርም። ውኃ ስለሚበዛበትም ቶሎ ይቦካል። ከመሬት አውጥቶ በሣጥን ማኖር ይሞከራል። ልምድ ለሌለው ሰው ግን አልመክርም። በመሬታችሁ ላይ ካለች አጥር አድርጉላት፣ ከብት አይርገጣት፣ ጎርፍ አይግባባት። ቆፍሮ የመጣ ጎጆ ከሚሸጥላችሁ ሰው ግን አትግዙ።

ብቸኛ ንቦች፦ ጥቂት ልጅ፣ ሙሉ ስንቅ

ጣራ እንጨት ላይ ክብ ቀዳዳ የምትበሳዋ ትልቋ ጥቁር ንብ፣ የጽጌረዳ ቅጠል በክብ ቆርጣ የምትወስደዋ፣ በአሮጌ ጭቃ ግድግዳ ውስጥ የምትገባዋ ፈጣን ንብ። ብዙ ሰው ጥንዚዛ ወይም ዝንብ ይላቸዋል። ሁሉም ንቦች ናቸው። ቀፎ፣ ሠራተኛ፣ ማር የሚባል ነገር የላቸውም። እያንዳንዷ ሴት እናትም ሠራተኛም ናት።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ክፍል ትሠራለች። የአበባ ዱቄትና ወለላ ለውሳ ታስቀምጣለች፣ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ ትዘጋለች። በሕይወቷ የምትጥለው በአሥር የሚቆጠር ነው፤ እንጨት በሺዋ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የእንጨት በሺዋ እንቁላል ግን ከነፍሳት እንቁላል ሁሉ ከትልልቆቹ የሚመደብ ነው። ለብዙ ሳይሆን ለጥቂት ማውጣት ማለት ይህ ነው። ክፉውን ወቅት ቅጠል ቆራጯ የምታልፈው በልጇ እንቅልፍ ነው፤ ያደገው እጭ በታሸገው ክፍል ውስጥ ተኝቶ አበባ ይጠብቃል። የሚቀለብ ሕዝብ ስለሌለ የሚከማች ማርም አያስፈልግም።

ጠባያቸው የለሰለሰውም ለዚሁ ነው። ሴቷ መንደፍ ትችላለች። ግን እሷ ከሞተች ልጅ የሚያሳድግላት የለም። ስለዚህ ካልጨበጣችኋት አትናደፍም። ወንዱ ደግሞ ጭራሹን መንደፊያ የለውም።

ለአትክልተኛ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን በጠባብ ቀዳዳ ይይዛል። እንጨት በሺዋና የጭቃ ግድግዳዋ ንብ አበባውን ይዘው ደረታቸውን ሲያንቀጠቅጡ ዱቄቱ ይፈስሳል። የማር ንብ ይህን አትችልም። በፈረንጅ አገር ለቲማቲም ግሪን ሃውስ የሚያገለግሉት ፀጉራም ትልልቅ ንቦች በተፈጥሮ እዚህ የሉም፤ ማምጣትም አያስፈልግም። ሌላ ነገርም አለ። የዱባ አበባ ጠዋት ከፍቶ ቀትር ሳይደርስ ይዘጋል፤ የደጋ ጠዋት ደግሞ ይበርዳል። ትልቋ ንብ ጡንቻዋን አሙቃ ቀድማ ትወጣለች።

እንከን የለሽ ግን አይደሉም። እንጨት በሺዋ የጣራ ማገር ላይ ከገባች ሥራ ታበዛባችኋለች። የባቄላ አበባም ከጎን በስታ ወለላውን ልትሰርቅ ትችላለች። ትናንሾቹ ደግሞ ሩቅ አይሄዱም፤ አበባ ጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ካላገኙ አይበረክቱም። የሰው ቤት የምትጠቀም ንብም አለች። ራሷ አትቀስምም፣ ክፍልም አትሠራም። ሌላዋ ስንቅ ሞልታ ስትወጣ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ግቢያችሁ ውስጥ ካያችኋት አትግደሏት፤ ባለቤቶቹ በደንብ እንዳሉ ምልክት ናት።

ቤት ስትሠሩላቸው አንድ ብልሃት አለ። ብዙዎቹ የሴት እንቁላል ከውስጥ፣ የወንድ ከበሩ አጠገብ ያደርጋሉ። ስለዚህ አጭር ቀዳዳ ወንድ ብቻ ይሰጣችኋል። ሸምበቆውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡት፣ አንዱ ጫፍ ዝግ ይሁን፣ የቀዳዳው ስፋት ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይለያይ። ዝናብ በማያገኘው በረንዳ ሥር ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ እሰሩት። ለእንጨት በሺዋ የደረቀ የቃጫ አበባ ግንድ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ማገሩን ትታ ወደዚያ ልትሄድ ትችላለች። ማገሩን ቀለም መቀባትም ይረዳል።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | የማር ንብ | ጣዝማ | ብቸኛ ንቦች |
|---|---|---|---|
| ክፉ ወቅትን የምታልፍበት | በማር ክምችት ወይም በመሄድ | በመሬት ውስጥ ክምችት | በተኛ እጭ ወይም ተደብቃ |
| የልጅ ብዛት | እጅግ ብዙ | መካከለኛ | ጥቂት |
| አዲስ ቤት የምትመሠርተው | አሮጊቷ እናት ከመንጋ ጋር | ልጅቷ፣ ቀስ በቀስ | እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ |
| ጥላ የመሄድ ዕድል | ከፍተኛ | የለም ማለት ይቻላል | ቤቷ ካልፈረሰ ዝቅተኛ |
| ንድፊያ | ብርቱ | የለም | ካልተጨበጠች የለም |
| ማር | ብዙ | ትንሽ፣ ውድ | የለም |
| የመነሻ ወጪ | ቀፎ፣ ልብስ፣ ማጨሻ፣ መንጋ | አጥር | ሸምበቆና ገመድ |
| ቢጠፋ መተካት | ቀላል | በጣም ከባድ | ቀላል |

ለማን የትኛዋ?

የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ አካባቢ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የምትጋሩ ከሆነ የማር ንብ አታስገቡ። ማሩ የእናንተ ቢሆንም ንድፊያው የሰፈሩ ነው። ሸምበቆ እሰሩ፣ ግራዋና ጽጌረዳ ትከሉ፣ ከአሮጌው ጭቃ ግድግዳ ላይ አንድ ጎን ሳትለስኑ ተዉ። ወጪው የአንድ ማኪያቶ ያህል ነው።

ለገበያ ቲማቲምና ዱባ የምትተክሉ ደግሞ ብቸኞቹን አስቀድሙ። ኑግና ባቄላ ሰፋ አድርጋችሁ ከዘራችሁ ግን የማር ንብ ትቀድማለች፤ ሰፊ ማሳ ብዙ ሕዝብ ይፈልጋል።

ግማሽ ሄክታርና ከዚያ በላይ ያላችሁ፣ ዙሪያው ባህር ዛፍና ሜዳ ከሆነ የማር ንብ ያዙ። ከአንድ ቀፎ ሁለት ይሻላል፤ አንዱ እናት ቢያጣ ከሌላው እንቁላል ያለበት እንጀራ ትሰጡታላችሁ። የቀፎውን ማቆሚያ እግር ከጉንዳን በአመድ ወይም በዘይት ጠብቁ። ኅዳር ላይ ስትቆርጡ የበጋውን ቀለብ ተዉላቸው፤ ካነሰ በስኳር ውኃና በበሶ ደግፉ። ማሳ ላይ ጸረ ተባይ በሚረጭበት ወይም የአበባ እርሻ አጠገብ ባለ ቦታ ግን ቀፎ ከመስቀል በፊት ርጭቱ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። በአበባ ሰዓት የሚረጭ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ገንዘብ ያነሰው ሰው ባህላዊ ቀፎ ሠርቶ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሰም ቀብቶ ዛፍ ላይ ቢሰቅል መንጋው ራሱ ሊገባለት ይችላል። መንጋ የምትገዙ ከሆነ ግን ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፤ የመጀመሪያው መንጋ ነው ወይስ ከእሱ ቀጥሎ የወጣው? የመጀመሪያው አሮጊቷን እናት ይዟል። ቤት እንደያዘች መጣል ትጀምራለች፤ በዓመት በሁለት ዓመት ግን ትተካለች። ተከታዩ ድንግል እናት ይዟል። ወጣት ናት፤ ግን ገና መብረር፣ ከድንጉሎች ጋር መገናኘት፣ ወፍ ሳይበላት መመለስ አለባት። ስለዚህ ዋጋው ከመጀመሪያው ሊያንስ ይገባል። ሻጩ መለየት ካልቻለ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ እንቁላል ስታዩ ብቻ ሙሉ ዋጋውን ክፈሉ።